መንገጫገጭን ለማሸነፍ፤ የብስክሌት መንኮራኩር፣ ጎማና ሹካ ታሪክ

ድቅል ወይም በተለምዶ ሃይብሪድ የሚባለው ብስክሌት ስሙ እንደሚያመለክተው የሁለት ወገን ልጅ ነው። ከውድድር ብስክሌት ትልቁን መንኮራኩር ወርሷል፤ ከተራራ ብስክሌት ደግሞ ቀጥ ያለውን መሪ፣ ሰፊውን የማርሽ ምርጫና ቀና ብሎ መቀመጥን። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ገበያ ከወጣ ወዲህ በባለቤቶቹ ላይ አንድ የጋራ ጠባይ ይታያል፤ ይኸውም እንደገዙት አያኖሩትም። ጥቂት ወራት ከነዱት በኋላ እጃቸው ይደነዝዛል፣ ወገባቸው ይደክማል፤ ስለዚህ ማሻሻል ይጀምራሉ። በቅድሚያ ዓይናቸው የሚያርፈው የፊት መንኮራኩሩን ከግራና ከቀኝ አቅፎ በሚይዘው ሹካ ላይ ነው፤ ባለ ሞላ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሞተር ብስክሌት የሚመስል ሹካ ይሻሉ። ቀጥሎ መንኮራኩሩ ይታሰባል። ጎማው ግን እስኪያልቅ ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

የብስክሌት ታሪክ ሲመረመር ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ሁለት መቶ ዓመት ለሞላው ለዚህ መሣሪያ መሠረታዊው ጥያቄ፣ መንገዱ የሚያደርሰው ምት የት ላይ ይቁም የሚል ነበር። በጎማው ላይ? በመንኮራኩሩ ላይ? በሹካው ላይ? በኮርቻው ላይ? ወይስ መቆሚያ አጥቶ በነጂው አከርካሪ ላይ? እያንዳንዱ ትውልድ የየራሱን መልስ ሰጥቷል፤ አንዳንዱ መልስ ተረስቶ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ፎን ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ ሰኔ 12 ቀን 1817 ከማንሃይም ከተማ ተነሥቶ ሁለት መንኮራኩር ባለው የእንጨት መሣሪያ ላይ ሲወጣ ከምት የሚከላከለው የታሸገ መቀመጫው ብቻ ነበር። መሣሪያው መርገጫ አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። እግሩ ከመሬት ስለማይርቅ ክፉ ቦታ ሲደርስ ሸክሙን በከፊል በገዛ ጉልበቱ ይቀበል ነበር። ስለሆነም ችግሩ ገና አልከፋም።

የከፋው በ1860ዎቹ በፓሪስ ነው። በፒዬር ሚሾ ስም በታወቀው አውደ ጥናት የተሠሩት ብስክሌቶች መርገጫ በፊት መንኮራኩር ላይ ተገጠመላቸው፤ የነጂው እግር ከመሬት ተላቀቀ፤ ፍጥነቱም ጨመረ። መንኮራኩሩ ግን እንደ ሠረገላ መንኮራኩር ከእንጨት ተሠርቶ ብረት የተጠመጠመበት ነበር። የከተማው መንገድ ደግሞ ድንጋይ ንጣፍ ነው። እንግሊዞች ይህን ብስክሌት አጥንት አንገጫጋጭ ብለው ሰየሙት፤ ስሙም ከትክክለኛ ስሙ ይልቅ ዘልቆ ቀረ። ሠሪዎቹ ያለ ሐሳብ አልተዉትም፤ ኮርቻውን ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጋ ረጅም ባሌስትራ ላይ አስቀመጡት። ነገር ግን ምቱ ባሌስትራው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ መንኮራኩሩን፣ ሹካውንና መላውን የብረት አካል አናውጦ ነው የሚመጣው። መሪውን የያዘ እጅ ደግሞ ከባሌስትራው ምንም አያገኝም። ከሞላው በታች ያለው ክብደት በበዛ መጠን ሞላው የሚሠራው ሥራ ያንሳል፤ ይህን ዛሬ ማንኛውም የመኪና መሐንዲስ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ የመጣው ከጎማ ሳይሆን ከመንኮራኩሩ ነው። የእንጨት መንኮራኩር ቆሞ የሚሸከመው ከታች ባለው ጨረር ላይ ነው፤ ጨረሩ እንደ ዓምድ ይጨመቃል፤ ለመጨመቅም ወፍራም መሆን አለበት። ሰር ጆርጅ ኬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የበረራ ተመራማሪ በ1808 ለበረራ መሣሪያ የሚሆን ቀላል መንኮራኩር ሲያስብ፣ ጨረሩን በተወጠረ ገመድ የመተካት ሐሳብ በማስታወሻው አሠፈረ። በ1869 በፓሪስ ይሠራ የነበረው ኤውዤን ሜየር በሽቦ ለተወጠረ የብስክሌት መንኮራኩር የፈጠራ መብት አወጣ። በ1870 ጄምስ ስታርሊና ዊልያም ሂልማን በኮቨንትሪ ከተማ ኤሪየል የተባለውን ብስክሌት በሽቦ መንኮራኩር ሠሩ፤ ስታርሊ በ1874 ሽቦዎቹ ከመካከለኛው ሞዞ ቀጥ ብለው ሳይሆን አግድም ተጠላልፈው እንዲወጡ አደረገ። የዛሬው ብስክሌት መንኮራኩር በመሠረቱ ይኸው የ1874 መንኮራኩር ነው።

በአገራችን ጋራዦችና የብስክሌት ጥገና ቤቶች ይህ ሽቦ ራጂ፣ ክቡ ብረት ቸርኬ፣ መካከሉ ሞዞ ይባላል፤ ሦስቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሞላና ባሌስትራም እንዲሁ። የሙያው ቋንቋ በማን በኩል እንደገባ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገውም።

ስለ ራጂ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ምክንያቱም መንኮራኩር የሚያሻሽሉ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ ሲጨመቅ ይጎብጣል እንጂ አይሸከምም። ታዲያ የብስክሌት መንኮራኩር በምን ላይ ይቆማል? ብዙዎች ሞዞው ከላይኛው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል ብለው ይመልሳሉ። ጆብስት ብራንት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1981 ባሳተመው የብስክሌት መንኮራኩር መጽሐፉ ይህን በስሌት መርምሮ የተለየ መልስ ሰጠ። ሽቦዎቹ ሁሉ አስቀድመው በከፍተኛ ኃይል የተወጠሩ ናቸው፤ ክብደት ሲያርፍ የላይኞቹ ውጥረት ብዙም አይጨምርም፤ የሚለወጠው መሬት ከነካው ቦታ በላይ ያሉት የጥቂት ሽቦዎች ውጥረት ነው፤ እርሱም ይቀንሳል። መንኮራኩሩ በእነዚህ በረገቡት ሽቦዎች ላይ ይቆማል ማለት ነው። የተጨነቀ ሰው ራጂዎቹን እንደ ክራር ጅማት በጣቱ እየነካ ሊያጣራው ይችላል፤ ሌላ ሰው ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጥ የታችኞቹ ድምፅ ዝቅ ሲል ይሰማል። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ግልጽ ነው። የታችኛው ሽቦ ፈጽሞ እስኪላላ ድረስ መንኮራኩሩ ጽኑ ነው፤ ከላላ ግን በየዙሩ እየላላና እየተወጠረ በድካም ይበጠሳል። የመንኮራኩር ጥራት በቸርኬው ዋጋ ሳይሆን በውጥረቱ ልክና እኩልነት የሚለካው ስለዚህ ነው።

የሽቦ መንኮራኩር ቀላል በመሆኑ እጅግ ትልቅ አድርጎ መሥራት ተቻለ። በ1870ዎቹ የፊት መንኮራኩሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የደረሰ ብስክሌት የተለመደ ሆነ። ዛሬ ሥዕሉ ሲታይ ያስቃል፤ ነገር ግን ለመንገጫገጭ የተሰጠ እውነተኛ መልስ ነበር። 3 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ከፊቱ የተደቀነበት ድርቅ ያለ መንኮራኩር ግማሽ ስፋቱ 70 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ለመውጣት የተሸከመውን ክብደት 30 በመቶ ያህል አግድም ኃይል ይጠይቃል። ግማሽ ስፋቱ 35 ሴንቲሜትር ከሆነ 44 በመቶ ይጠይቃል። ትልቁ መንኮራኩር ጉድጓዱን ይዘለዋል፣ ድንጋዩን ይጋልበዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ ነጂው ከመንኮራኩሩ አናት ላይ ስለሚቀመጥ ትንሽ እንቅፋት በራሱ ይተክለው ነበር።

በ1885 የጄምስ ስታርሊ የወንድም ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ። ሁለቱ መንኮራኩሮች ተቀራራቢ ሆኑ፣ ሰንሰለት ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ ነጂውም ወደ መሬት ወረደ። የአወዳደቅ አደጋ ቀነሰ፤ መንገጫገጩ ግን ተመለሰ፤ በትንሽ መንኮራኩር ላይ የተጠመጠመው ጠጣር ጎማ ምቱን ከሞላ ጎደል እንዳለ ያስተላልፍ ነበርና። መሐንዲሶቹ ፊታቸውን ወደ ሞላ መለሱ። በዚያው በ1885 ሊንሊና ቢግስ የተባሉት የለንደን ሠሪዎች ዊፐት የሚባል ብስክሌት አቀረቡ፤ መሪው፣ ኮርቻውና መርገጫው በአንድነት ከመንኮራኩሮቹ ተለይተው በሞላ ላይ ይንሳፈፋሉ። በአስተሳሰብ ረገድ የዛሬው ባለ ሁለት ሞላ የተራራ ብስክሌት አያት ነው። ዊፐት መጥፎ ማሽን ሆኖ አልጠፋም። ያጠፋው ቤልፋስት ውስጥ በአንድ የእንስሳት ሐኪም ግቢ የተገኘ ነገር ነው።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል ግን ነገሩ ቀደም ሲል ተገኝቶ ነበር። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1845፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ አየር የሞላበት ጎማ የፈጠራ መብት አወጣ። ጎማ የተቀባ ሸራ ቱቦ ሠርቶ በቆዳ ሸፈነው፤ በሠረገላ መንኮራኩሮች ላይም ገጠመው። በ1847 በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ ሲሞከር ሠረገላው ያለ ድምፅ ሲሄድ ታየ፤ ለፈረሱም ቀለለው። ይሁን እንጂ ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት የማብሰል ዘዴ ከተገኘ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ ቀጭን የጎማ ቱቦ ውድና አስቸጋሪ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገጫገጩ የሚያማርረው ተሽከርካሪ፣ ብስክሌት፣ ገና አልተፈጠረም። ፈረስ ስለ ጉልበት ብክነት አቤቱታ አያቀርብም። የቶምሰን ጎማ ተረሳ።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ እርሱም ስኮትላንዳዊ ሲሆን በቤልፋስት የእንስሳት ሕክምና ይሠራ ነበር። ትንሹ ልጁ በጠጣር ጎማ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ መንገጫገጩ አስቸገረው። ደንሎፕ ክብ የእንጨት ዝርግ ቆርጦ የጎማ ቱቦ ጠመጠመበት፣ ቱቦውን በበፍታ ጨርቅ ሸፍኖ ጨርቁን በእንጨቱ ላይ በምስማር መታ፤ በኳስ መንፊያም ነፋው። ከዚያም የልጁን ብስክሌት መንኮራኩርና ይህን ዝርግ በየተራ በግቢው ውስጥ አንከባለለ። ጠጣሩ ጎማ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ፤ በአየር የተነፋው ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ሙከራው ሚዛንና ሰዓት አልነበረውም፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል። ደንሎፕ የፈለገው ምቾት ነበር፤ ያገኘው ፍጥነትም ጭምር ነው። መንኮራኩር በየጠጠሩ ላይ በተነሣ ቁጥር ወደፊት የሚሄድበትን ጉልበት ያባክናል፤ አየሩ ግን ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ይመልሳል።

በ1888 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ግንቦት 18 ቀን 1889 ዊሊ ሂዩም የተባለ ብስክሌተኛ ቤልፋስት ውስጥ በተደረገ ውድድር ይህን ወፍራም ጎማ ገጥሞ ቀረበ፤ ተመልካቹ ሳቀበት፤ ሂዩም ግን የገባባቸውን ውድድሮች አሸነፈ። ከተሸነፉት መካከል የአንድ ነጋዴ ልጆች ነበሩ፤ አባታቸው ሃርቪ ዱ ክሮ በዚያው ዓመት ጎማውን የሚያመርት ኩባንያ ደብሊን ላይ አቋቋመ። የፈጠራ መብቱ ብዙም ሳይቆይ የቶምሰን የ1845 ሰነድ ሲገኝ ዋጋ አጣ። የቀረው ችግር ጥገናው ነበር፤ የደንሎፕ ጎማ በሙጫ የተጣበቀ ስለነበረ ለአንድ ቀዳዳ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ፣ ከዚያም ሙጫው እስኪደርቅ ሌሊት ሙሉ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። በ1890 ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች በጎማው ጠርዝ ውስጥ ሽቦ ያስገባበትን፣ ዊልያም ባርትሌት ደግሞ ጠርዙ ከቸርኬው ከንፈር ጋር የሚያያዝበትን ዘዴ አወጡ። ኤዱዋርና አንድሬ ሚሽለን ወንድማማቾች በ1891 ተነቃይ ጎማቸውን አቀረቡ፤ ሻርል ቴሮን በዚያ ዓመት በዚሁ ጎማ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የፓሪስ፣ ብሬስትና ፓሪስ ውድድር ከሦስት ቀንና ሌሊት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ አንደኛ ወጣ።

የዊፐት ሞላ በአየር ጎማ የተሸነፈበትን ምክንያት በዛሬ ቁጥር ማስላት ይቻላል። 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የድቅል ብስክሌት ጎማ 2.9 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በ4 ባር ግፊት ሲነፋ በውስጡ ያለው አየር ክብደት 17 ግራም ገደማ ነው። ይህ 17 ግራም የመንኮራኩሩ ሞላ ነው። ምቱን የሚቀበለው ከመሬት በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው ክብደት መሬት የነካው የጎማው ልጥ ብቻ ነው። ማጠፊያ የለው፣ ኩሽኔታ የለው፣ ግራሶ አይሻ። ሠላሳና አርባ የሚሆኑ ክፍሎችን አቀናጅቶ የሠራ የሞላ መሐንዲስ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር፤ የ1890ዎቹ ገበያም አላወዳደረውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የመንገዱ ታሪክ ነው። አስፋልት ተስፋፋ፤ ምቱ ቀነሰ፤ ጎማ እየቀጠነ ግፊቱ እየጨመረ ሄደ። ቀጭን ጎማ ፈጣን ነው የሚለው እምነት በተወዳዳሪዎች ዘንድ ሥር ሰደደ። አሜሪካ ብቻ በተቃራኒው ሄደች፤ ሽዊን የተባለው ኩባንያ በ1933 ከሁለት ኢንች የሚበልጥ ስፋት ያለው ዝቅተኛ ግፊት ጎማ አወጣ፤ ይህ ጎማ ኋላ ላይ በታሪኩ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። የጎማ ልክ ደግሞ ተመሰቃቀለ። ፈረንሳዮች 700 ብለው የሰየሙት የጎማውን የውጭ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ከኋላው የሚጻፈው ፊደል የጎማውን ውፍረት ያመለክት ነበር፤ ስለዚህ ውፍረቱ በተለየ ቁጥር የቸርኬው ልክም ይለያል። ዛሬ 700 ሲ የሚባለው ቸርኬ ጎማው በሚቀመጥበት ቦታ 622 ሚሊሜትር ነው፤ የአሮጌው ባለ 28 ኢንች ከባድ ብስክሌት ቸርኬ ደግሞ 635 ነው። ሁለቱም 28 ኢንች ይባላሉ፤ የአንዱ ጎማ ግን ለሌላው ፈጽሞ አይሆንም። የአውሮፓ የጎማና የቸርኬ ድርጅት ያወጣው የሚሊሜትር አሰያየም ኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ይህን ግራ መጋባት አቃሎታል፤ ገዢው በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን 42-622 የመሰለ ቁጥር ካነበበ አይሳሳትም።

ሞላ ወደ ብስክሌት የተመለሰው በ1962 በእንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክስ ሞልተን እጅ ነው። ሞልተን የሚኒ መኪናን የጎማ ሞላ የነደፈ ሰው ነበር፤ ወደ ብስክሌት ያዞረው የ1956ቱ የስዊዝ ቀውስ ያስከተለው የነዳጅ እጥረት ነው። ትንንሽ ባለ 16 ኢንች መንኮራኩሮችን ከፍተኛ ግፊት ባለው ቀጭን ጎማ ገጠመ፤ ትንሽ መንኮራኩር በከፍተኛ ግፊት እንደሚያንገጫግጭ ስለሚያውቅ ከፊትም ከኋላም የጎማ ሞላ አደረገለት። እዚህ ላይ ሞላው ጌጥ አይደለም፤ ሌላው ክፍል የፈጠረውን ጉድለት በስሌት የሚሞላ ነው። ከሞላው በታች ያለው መንኮራኩርም ቀላል ነበር።

ቀጥሎ ታሪኩ ወደ ካሊፎርኒያ ተራሮች ይሻገራል። በማሪን አውራጃ ጥቂት ወጣቶች አሮጌዎቹን የሽዊን ብስክሌቶች በወፍራም ጎማቸው ምክንያት እየገዙ በአቧራማ ቁልቁለት ይጋልቡ ነበር። ከጥቅምት 1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት ቁልቁለት ሪፓክ ተባለ፤ ትርጉሙ እንደገና መሙላት ማለት ነው፤ ምክንያቱም የኋላ ሞዞው ውስጥ ያለው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ ይወጣና ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሞዞውን በአዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ይሆን ነበር። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ሥራ የታሰበ ብስክሌት ሠራ፤ በ1981 ስቴምፕጀምፐር የተባለው የፋብሪካ ምርት ገበያ ላይ ዋለ። እስከዚያ ድረስ ሹካው ሁሉ ድርቅ ያለ ብረት ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምርና ድንጋዩ ከጎማው ውፍረት ሲበልጥ ግን የአየሩ ሞላ አልበቃ አለ፤ ጎማው እስከ ቸርኬው ድረስ ይደፈጠጥ ጀመር።

በሞተር ብስክሌት ውድድር መካኒክነት የሠራው ፖል ተርነር ከስቲቭ ሳይመንስ ጋር በ1989 ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። አር ኤስ 1 የተባለው ሹካቸው አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት፣ በአየር ሞላ የሚሠራና ንጥረቱ በዘይት የሚረግብ ነበር፤ የሚወርደውም 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። አሠራሩ ቢ ኤም ደብልዩ በ1935 በአር 12 ሞተር ብስክሌት ላይ ካዋለው በዘይት ከሚረግብ የቱቦ ሹካ የመጣ ነው። በ1990 በዱራንጎ ኮሎራዶ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ሄርቦልድ የቁልቁለቱን ውድድር በዚህ ሹካ አሸነፈ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርቅ ያለ ሹካ በተራራ ውድድር ላይ ብርቅ ሆነ። እዚህ ላይ ሹካው ቦታውን በሚገባ አግኝቷል፤ ከጎማ የሚበልጥ እንቅፋት ነበረበትና።

የዚህን ፍርድ ተቃራኒ ገጽ ያሳየው ከሰሜን ፈረንሳይ የድንጋይ ንጣፍ መንገዶች ላይ በየዓመቱ የሚደረገው የፓሪስና ሩቤ ውድድር ነው። የኮብልስቶን መንገድ በብስክሌት የሄደ ያገራችን ሰው የሩቤን ስቃይ ለመገመት አይቸገርም። በ1992 እና በ1993 ዢልቤር ዱክሎ ላሳል ሮክሾክስ ሹካ ገጥሞ አሸነፈ፤ በ1994 አንድሬ ችሚል እንዲሁ። በዚያው በ1994 ዮሃን ሙሰው ከኋላም ሞላ ባለው ብስክሌት ወጥቶ ማሽኑ መንገድ ላይ ከዳው። ሦስት ድል በተከታታይ ያስገኘ መሣሪያ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ይይዙታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን አስር ዓመት ሳይሞላ ከሩቤ ጠፋ። የክብደቱና የጥገናው ዕዳ በንጣፉ ላይ ከሚሰጠው ጥቅም በልጦ ተገኘ፤ የውድድሩ አብዛኛው ክፍል ለስላሳ አስፋልት ነውና። በምትኩ የሰፋው ጎማው ነው። በ1990ዎቹ 23 ሚሊሜትር ጎማ ያዘወትሩ የነበሩ ባለሙያ ተወዳዳሪዎች በ2010ዎቹ ወደ 25፣ ከዚያም ወደ 28 ተሸጋገሩ፤ በ2020ዎቹ ሩቤ ላይ 30 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይዘው ይወጣሉ። የሰፊ ጎማ ጠላት የነበረው ወገን በመጨረሻ በሰዓት መቁጠሪያ ተረታ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት በመሠረቱ ሸክሙ ለግፊቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የኋላ መንኮራኩር 50 ኪሎ ቢሸከምና ግፊቱ 4 ባር ቢሆን 12 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይነካል፤ ጎማው ጠበበም ሰፋ ይህ አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ በሰፊው ጎማ አጭርና ሰፊ፣ በጠባቡ ረጅምና ቀጭን ይሆናል። ረጅሙ ቅርጽ የጎማውን ጎን አብልጦ ያጥፈዋል፤ እጥፋቱም ጉልበት ይበላል። ቀጭኑ ጎማ ይህን ለማካካስ ግፊቱን ያበዛል፤ ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ንዝረቱ ወደ ነጂው ሥጋ ይሸጋገርና እዚያ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ብርጭቆ በመሰለ ወለል ላይ ይህ ሁለተኛው ኪሳራ አይታይም፤ የቀድሞዎቹ የላቦራቶሪ ሙከራዎች በለስላሳ የብረት ከበሮ ላይ ስለሚደረጉ አላዩትም።

ድቅል ብስክሌት ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሞላ ሹካ የለበሰው በዚህ ስሌት አይደለም። ለተራራ የተሠራው ሹካ ዝና ሲያገኝ ፋብሪካዎች ርካሹን ዓይነት በከተማ ብስክሌት ላይ መግጠም ያዙ፤ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ይሸጣልና። ይህ ርካሽ ሹካ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ በውስጡ የብረት ሞላ አለ፤ ንጥረቱን የሚያረግብ ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ የለውም። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ይበልጣል። ከቱቦዎቹ ሰበቃ የተነሣ ለትንሽ ንዝረት አይንቀሳቀስም፤ ለትልቅ ምት ደግሞ ይነጥራል። እጅን የሚያደነዝዘው ትንሹ ንዝረት ስለሆነ ነጂው ከዚህ ሹካ የሚያገኘው በፔዳል ላይ ሲቆም የሚያነሣና የሚጥል እንቅስቃሴ ነው። በዘይት የሚረግብ ጥሩ ሹካ አለ፤ ዋጋው ግን ወደ ብስክሌቱ ዋጋ ይጠጋል።

ስለሆነም ድቅል ብስክሌቱን ለማሻሻል የተነሣ ሰው ከመሬት ቢጀምር ታሪኩን ይከተላል። ሹካውና የኋላው እግር በሚፈቅዱት ልክ ሰፊ፣ ጎኑ ልል የሆነ ጎማ፣ ለምሳሌ 35 የነበረውን በ40 ወይም በ42 መተካት፣ ግፊቱንም በጎማው ላይ እንደተጻፈው ጣሪያ ሳይሆን በክብደቱ ልክ መቀነስ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በድቅል ብስክሌት ላይ የተለመደው 19 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቸርኬ 42 ሚሊሜትር ጎማን ያለ ችግር ይሸከማል። ቀጥሎ መንኮራኩሩ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በቀላል ቸርኬ ይባክናል። ከሁለቱ ቸርኬዎች 300 ግራም ቢቀነስ፣ የሚሽከረከር ክብደት ፍጥነት ሲጨምር እጥፍ ይቆጠራል ቢባል እንኳ፣ ከነነጂው 100 ኪሎ ለሚመዝን ብስክሌት ጥቅሙ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በፋብሪካ ማሽን የተወጠረ ርካሽ መንኮራኩር ግን ራጂዎቹ እኩል ባለመወጠራቸው አንድ በአንድ ይበጠሳል፤ እርሱን ለጥሩ ባለሙያ ሰጥቶ እንደገና ማስወጠር አዲስ ከመግዛት ይረክሳል። አዲስ የሚገዛ ከሆነ የኋላው ሞዞ ወርድ መለካት አለበት፤ የውድድር ብስክሌት 130፣ የድቅልና የተራራ ብዙውን ጊዜ 135 ሚሊሜትር ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌሎች ልኮች ገብተዋል።

ሹካው መጨረሻ ላይ ይታያል፤ ሲታይም በጥንቃቄ ነው። የብስክሌቱ አካል የተነደፈው ለአንድ የሹካ ርዝመት ነው። የሞላ ሹካ ለመውረጃው ቦታ ስለሚያስፈልገው ከውድድር ብስክሌት ሹካ ብዙ ሴንቲሜትር ይረዝማል። በሁለት ሴንቲሜትር የሚያጥር ሹካ ቢገባ የመሪው ዘንግ በአንድ ዲግሪ ያህል ይቆማል፣ መርገጫው ወደ መሬት ይጠጋል፣ አመራሩም ይቸኩላል። ለዚህ ተብሎ የሞላ ሹካን ርዝመት የጠበቀ ድርቅ ያለ ሹካ ይሠራል፤ ከብረት ሲሆን አንድ ኪሎ ገደማ፣ ከካርቦን ሲሆን ከዚያ በታች ይመዝናል። የፍሬኑ ማያያዣ ከነባሩ ፍሬን ጋር መስማማቱ፣ የዘንጉ ውፍረትም ከአካሉ ቱቦ ጋር መግጠሙ አስቀድሞ ይጣራል። ይህ ሥራ ሲያልቅ ከብስክሌቱ ፊት ከአንድ ኪሎ በላይ ብረት ይወርዳል። በምትኩ የሚሠራው ጥቂት ግራም አየር ግን በየሳምንቱ መለካት አለበት፤ የብስክሌት ጎማ ሳይበሳም አየሩን በዝግታ ያፈሳልና።